የቅዳሜ እንግዶች

መስታወት ቤታችን ውስጥ ሚሊ የምንለው ልጅ አለ። እናቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው። ግን ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «አንድ ሚሊ ከበለጠ አይገባም፣ አንድ ሚሊ ካነሰ ይወድቃል» ሲል ስለሚውል ሚሊ ሆኖ ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ዘለግ ያለ፣ አንገቱን ደፋ የሚያደርግ፣ «አቤት» ለማለት እንኳ ቃል የሚቆጥብ ልጅ ነው። መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ ያስተኛና ማስመሪያውን አስደግፎ መቁረጫውን አንዴ ብቻ ያሳልፍበታል። ከዚያ ከስር በጣቱ መታ ሲያደርገው ኳ! ይላል፤ መስታወቱ በመስመሩ ለሁለት ይከፈላል። እኔ የቤቱ ካሸር ነኝ፤ ይህን ሳይ ስንት ዓመቴ ነው፣ ያቺ ኳ የምትል ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ታስደነግጠኛለች።

አጠገቡ የሚሠራው ፍሬም ገጣሚ ደግሞ አጀብ ይባላል። ጓደኛ ያጀበው ነው ብዬ ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በዕድሜ እኩያሞች ናቸው፤ በሌላው ነገር ግን ሰማይና ምድር። አጀብ ስልኩ አያርፍም። ሚስማር በአፉ ይዞ፣ ፍሬም በጉልበቱ ደግፎ፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር «አቤት ወንድሜ! ኧረ እመጣለሁ!» እያለ ወደ ደጅ ይወጣል። የሱቁ ባለቤት ስንት ጊዜ ተቆጥቶታል። ምን ይደረግ፣ ሰው የሚወደው ልጅ ነው ብለን አለፍነው።

ሰኞ ጠዋት የአጀብ ናት። ገና መዝጊያው ሳይከፈት ወሬው ይጀምራል።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ያልሳቅነው ሳቅ የለም! ሐይቅ ዳር ሄደን አንዱ ጓደኛችን ጀልባ ላይ ሲስቅ፣ ሲስቅ፣ ዘጭ! ውሃ ውስጥ። ጀልባው ላይ የቀረው አንድ እግር ጫማው ብቻ ነው!»

እኔ እንባዬ እስኪመጣ እስቃለሁ። ከዚያ «እርሶስ እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?» ይለኛል። «እኔማ ቅዳሜን የት አባቴ አግኝቻት! አንዱ እንግዳ ሲወጣ ሌላው ሲገባ ነው የሚመሽብኝ» እለዋለሁ። ሚሊን ስንጠይቀው መልሱ አንድ ነው፤ «ወጣ ብዬ ነበር።» ከዚያ ኳ! ወደ መስታወቱ።

አሁን የምነግራችሁን ሁሉ የሰማሁት ባለፈው ሰኞ ከራሳቸው አፍ ነው። የጨመርኩበት ካለ ትንሽ ነው።

ለካ ሚሊ በዚያ ዝምታው ውስጥ ሲቃጠል ኖሯል። ሃያ ስድስት ዓመት የዋዛ ዕድሜ አይደለም። ሰው ራሱን ከእኩያው ጎን አቁሞ ሲለካ የሚውልበት ዕድሜ ነው። እገሌን ስንት ሰው ይጠራዋል? እኔን ማን ይጠራኛል? የሚሊ የትምህርት ቤት ጓደኞች አንዱ አግብቶ በቃ አለ፣ አንዱ ሥራ ይዞ ሌላ ከተማ ሄደ፣ አንዱ ደግሞ ሳይጣሉ ሳይቀያየሙ ዝም ብሎ ጠፋ። ሚሊ ምን እንደጎደለው ሌሊትና ቀን ቢያስብ አልታይህ አለው። አጠገቡ ደግሞ የአጀብ ስልክ ይጮሃል።

ሚሊ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። አባቱ የሞቱ ሰሞን እናቱ እንዲህ አሉት፦ «እኔ ለራሴ አልሰጋም። የምሰጋው አንተም እንደ አባትህ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ስትል ብቻህን እንዳትቀርብኝ ነው። እሱን ካየሁ አልድንም።» ደም ግፊት አለባቸው። ሚሊም ይህን ቃል እንደ ዋዛ አልሰማውም፤ ብቻዬን መሆኔን ካወቀች እናቴን እገድላታለሁ ብሎ አመነ።

ስለዚህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ጫማውን ይቦርሻል። እናቱም ያጣድፉታል።

«ሂድ እንጂ ልጄ፣ ጓደኞችህን አታስጠብቅ! እኔም የሰፈር ሴቶቹ ሊመጡብኝ ነው። ወንድ መሃላችን ከገባ ጨዋታው አይደምቅም።»

ይወጣል። ያገኘው አውቶቡስ ላይ ይሳፈርና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ይሄዳል። እዚያ መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሲያይ ይውላል። ሲመሻሽ ይመለሳል። ቤት ሲደርስ የእንግዶቹ አምስት ብርጭቆዎች ታጥበው፣ ትሪው ላይ ተደፍተው፣ ውሃቸው ገና ሳይደርቅ ያገኛቸዋል። እናቱ «እንዴት ዋላችሁ?» ሲሉት ምን ይበል? ሰኞ ዕለት ከአጀብ የሰማውን ያወራላቸዋል! ጀልባውን፣ ውሃውን፣ ጫማውን፣ ሁሉንም። እናቱ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እሱ ግን ተኝቶ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። አጀብ አንድ መንጋ ጓደኛ አለው፤ እናቱ እንኳ በዚህ ዕድሜያቸው አምስት ብርጭቆ ያሳጥባሉ። በገዛ እናቱ ቀና፣ ታምናላችሁ?

ያለፈው ቅዳሜ ነው ጉዱ የፈላው። ሚሊ እንደ ልማዱ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወርዶ ወደ አዳራሹ ሲገባ አንድ የሚያውቀው ሳቅ ሰማ። አጀብ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «ኧረ በሞቴ! ሳልመጣ እንዳትጀምሩ፣ እየደረስኩ ነው!» ይላል። ሚሊ ደነገጠ። ብቻውን መሆኑን አጀብ ካየ ሰኞ እኛ ሁላችን እንሰማለን። ከእኛ ወሬው እናቱ ዘንድ ሊደርስ ነው። አንድ ምሰሶ ተከልሎ ቆመ።

በዚህ መሃል የአጀብ ስልክ ጮኸ። እዚያው ጆሮው ላይ፣ እየሳቀበት እያለ ጮኸ! ሰው የሚያወራበት ስልክ እንደዚያ አይጮህም። አጀብ እባብ እንደያዘ ሰው ወረወረው። ስልኩ ወለሉ ላይ ተንሸራቶ ሄዶ ሄዶ የሚሊ ጫማ ስር አረፈ። ሚሊ ጎንበስ ብሎ አነሳው። አላርም ነው።

«ሁለታችንም ድርቅ ብለን ቀረን» አለኝ ሚሊ። አጀብ እጁን ለስልኩ ዘረጋ።

«ጓደኞቼ... ትንሽ አርፍደው ነው» አለ። እንደምንም ብሎ «አንተስ? ልጆቹ የታሉ?» አለ።

«የትኞቹ ልጆች?»

«ያንተዎቹ ናቸዋ! ሁልጊዜ ወጣ ብዬ ነበር የምትለው ከማን ጋር ነው?»

«ከአውቶቡሱ ጋር።»

አጀብ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «አትቀልድ» አለው። «እኔ እኮ የምፎካከረው ካንተ ጋር ነበር! እኔ ስለፈልፍ አንተ ዝም ስትል፣ ይሄ ልጅ የእውነት ሰው አለው፣ ለዚህ ነው ማውራት የማያስፈልገው እያልኩ ስቃጠል ነበር።»

ሚሊ ጆሮውን ማመን አቃተው። በእሱ የሚቀና ሰው አለ! ያውም አጀብ!

«ታዲያ ስልክህ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው?»

«አላርም ነው። ማታ ማታ እሞላዋለሁ።»

«ሐይቁስ? ከጀልባ የወደቀውስ?»

«አውቶቡስ ላይ ከፊቴ የተቀመጡ ልጆች ሲያወሩ ሰምቼ ነው። ጫማዋን ግን እኔ ነኝ የጨመርኳት» አለ፤ ትንሽ ኩራትም ነበረበት።

ሚሊ መጀመሪያ አፈረ፣ ከዚያ ሳቅ ያዘው፣ ከዚያ ሁለቱም ሰው ዞሮ እስኪያያቸው ሳቁ። ሲበርድላቸው ሚሊ አንድ ሐሳብ መጣለት። ለእናቱ የሚያሳየው አንድ የእውነት ሰው በእጁ ገብቷል። «ቤት እንሂድ» አለው። «እናቴ ጋ እንግዶች አሉ። ከሰው መሃል ተቀላቅለን እንቀመጣለን፣ ማንም አያስተውለንም።» አጀብም ደስ አለው። ሰው ቤት ከተጠራ ስንት ጊዜው ነው።

ገና ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ሰፈር ደረሱ። በመስኮቱ በኩል የሴቶች ጨዋታና ሳቅ ይሰማል። «ሰማህ? ደምቋል» አለ ሚሊ፤ በሩንም ከፈተ።

ቤቱ ውስጥ ሴት የለም። ሳቁ ከሬዲዮኑ ነው። ወንበሮቹ ግድግዳቸውን ታከው ቆመዋል፤ ትራሶቹ እንኳ አልተነኩም። እናቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳፋው ፊት ቆመው ብርጭቆ ያጥባሉ። አንዱን ጨርሰው ትሪው ላይ ደፍተዋል፤ ሁለተኛውን ይዘዋል፤ ሦስቱ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሦስቱም ንጹሕ ናቸው። ሻይ ያልነካቸው፣ አፍ ያልነካቸው፣ ጥርት ያሉ። ሚሊ ዓይኑ መስታወት ለይቶ ያደገ ልጅ ነው፤ ቢሆንም ደጋግሞ አየ። ቡታጋዙ ላይ ምንም የለም።

እናቱ ሲያዩት ክው አሉ። «ምነው ልጄ? ምን ሆነህ መጣህ? ሴቶቹ... ሴቶቹ አሁን ወጡ እኮ፣ መንገድ ላይ አላገኘሃቸውም?»

«እማዬ» አለ ሚሊ። «ንጹሕ ብርጭቆ ለምን ታጥቢያለሽ?»

ሬዲዮኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች በዚያች ደቂቃ መሳቅ ነበረባቸው፣ ሳቁ። እናቱ ሄደው ዘጉት። ከዚያ እጃቸውን በሽርጣቸው ረጅም ጊዜ ጠረጉ።

«አባትህ ያረፈ ጊዜ አንድ ሁለቴ መጡ። ከዚያ አንዷ ልጇ ጋ ሄደች፣ አንዷን እግሯን አመማት፣ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ቀሩ። ይሄን ብነግርህ ቅዳሜህን ጥለህ እኔን ስትጠብቅ ትውላለህ። ልጅ ነህ፣ ጓደኞችህ ይሰለቹሃል። እኔ ላስቀርህ?»

ይህን ሲነግረኝ ሚሊ መቁረጫውን አስቀመጠ። እናት ልጇ እንዲወጣላት እንግዳ ትፈጥራለች፣ ልጅ እናቱ እንዳትታመምበት ጓደኛ ይፈጥራል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ለየብቻቸው ተቀምጠው ይውላሉ። ምን ጉድ ነው ይሄ?

እናቱ ያኔ ነው በሩ ላይ የቆመውን አጀብን ያዩት። ፊታቸውን በመዳፋቸው አበስ አደረጉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ጓደኛህን ይዘህ መጥተህ ነው ለካ! ግባ የኔ ልጅ። ይሄ ማነው? ያ ከጀልባ የወደቀው ነው? ጫማው የቀረው?»

አጀብ ለመግባት ያነሳውን እግር መለሰ። በሕይወቱ አይቷቸው ከማያውቃቸው ሴት አፍ፣ እሱ ራሱ በገዛ እጁ የጨመራት ጫማ ወጣች! ሚሊን አየው፤ ነገሩ ገባው። አሳዘኑትና «አዎ እናቴ፣ እኔ ነኝ የወደቅኩት» አለ።

እዚህ ላይ ሚሊ ዝም ቢል ኖሮ ውሸቱ ተርፎ ነበር። ጓደኛም ቆሞለታል፣ እናቱም አምነዋል። ግን ትሪው ላይ የተደፋችውን አንዷን ብርጭቆ አየ።

«አይደለም እማዬ። ማንም አልወደቀም። ጀልባም የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ብቻዬን ነው የምውለው። ጓደኛ የለኝም።»

የእናቱን ፊት ብቻ ያያል፤ አሁን ወደቁ፣ አሁን ራሳቸውን ያዙ እያለ ይጠብቃል። እሳቸው ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ታዲያ» አሉ መጨረሻ ላይ፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲያስቀኝ የነበረው ማነው?»

አጀብ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ እጁን አወጣ። «እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለ።

እናቱ አዩት። ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ተነስተው ቡታጋዙን ለኮሱ። «ተቀመጡ» አሉ፤ «ሁለታችሁም።»

ሻይ ተፈላ። ለእንግዶች ተብሎ የተቀመጠው ብርጭቆ ቀረበ። የመጀመሪያው ላይ ትኩሱን ሲያፈሱበት፣ ያ ስንት ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ሲታጠብ የኖረ ብርጭቆ ኳ! ብሎ ተሰነጠቀ። ሦስቱም ዘለው ተነሱ። ከዚያ እናቱ መሳቅ ጀመሩ። እንደዚያ ሲስቁ አባቱ ከሞቱ ወዲህ አይቻቸው አላውቅም አለኝ ሚሊ፤ የጀልባው ጊዜ እንኳ እንደዚያ አልሳቁም።

ይህን ሁሉ ሰኞ ጠዋት አንዱ የአንዱን አፍ እየነጠቀ ሲነግሩኝ እጄ የገንዘብ መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ደንበኛ መልሱን ይጠብቃል፣ እኔ አልሰማሁም። አጀብን ስንት ሰኞ ሰምቼዋለሁ! ስንት ሰኞ ከልቤ ቀንቼበታለሁ!

«እና እትዬ፣ አራት ብርጭቆ ቀርቷል» አለኝ ሚሊ። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። «እማዬ፣ እኔ፣ አጀብ። አራተኛው ለርሶ ነው ብላለች። ቅዳሜ ይመጣሉ?»

«ኧረ የት አባቴ!» አልኩ፤ አፌ ለምዶ ቀደመኝ። «ቅዳሜማ እንግዳ አለብኝ።»

ሁለቱም አልሳቁም። አጀብ መዶሻውን አስቀመጠ። ሚሊ ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳያነሳ፣ በዚያ አንድ ሚሊ በማያሳልፍ ድምፁ፣ «ስንት ናቸው እንግዶቹ፣ እትዬ?» አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ስቆጥር የምውል ሰው፣ አፌን ከፍቼ ቁጥር አጣሁ።