በቆጠራ የማይነሳ ወረቀት

ሱዙዮ ወረቀት ትሠራለች፤ ሥዕሏም ራሱ ወረቀቱ ነው። ቀለም አትነካም። ኮዞ ከሚባል ዛፍ የላጠችውን ልጥ ቀቅላ፣ ቀጥቅጣ፣ አንዱን ቦታ ታሳሳለች፣ ሌላውን ታወፍራለች፤ ብርሃን ሲያልፍበት ተራራው ይወጣል። ኦሳካ ድረስ ተሰቅሎላታል። የመንደሯ የኡራዳኒ ሰው ግን ገና ምንም አልጠየቃትም ነበር።

ዘንድሮ በብርዱ ወራት ጠየቃት። ለአዲሱ አዳራሽ መስኮት ሦስት ሜትር በሁለት የሚሆን፣ መገጣጠሚያ የሌለው አንድ ወረቀት።

ለዚህ ልጡ ከገንዳው ውኃ የሚጨለፍበትን ትልቅ ወንፊት ለማንሳት አራት ሰው ያስፈልጋል። ከወረቀት ሥራ ጡረታ የወጡትን እማማ ቶኪኤን፣ ባላቸውን አባባ ገንጎንና ጎረቤቷን ማሳኖን ጠራች። «ጸጥታ!» ብላ አዘዘችና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላ ቆጠረች። ወረቀቱ በአንድ በኩል ወፈረ። ወደ ገንዳው መለሱት። ሁለተኛውም ያው ሆነ። ሦስቴ የተመለሰ ልጥ ይጓጉላል፣ ወረቀትም አይሆንም፤ ዛፉ ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የሚቆረጠው። የቀራት አንድ ዕድል ብቻ ነው።

«ማነው የቀደመው?» አለች ሱዙዮ፣ የቀላ እጇን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ።

«ያ ነዋ!» ቶኪኤ በአገጫቸው ወደ ባላቸው ጠቆሙ። «ሃምሳ ሰባት ዓመት ለእራት እንጂ ለሥራ ቀድሞ አያውቅም፤ ዛሬ ቀደመ!»

«እኔ ምን ላድርግ? ሁለት ሲባል እጄ ይሄዳል» አሉ ገንጎ።

«የኔ ደግሞ ሦስትን ሰምቶ ነው የሚነቃው» አለች ማሳኖ።

ቶኪኤ እጃቸውን በሽርጣቸው አደረቁ። «ልጄ፣ የሚቆጠረው እንቁላል ነው። ወረቀት የሚነሳው በዘፈን ነው። ምን ብለሽ ነው አፋችንን የዘጋሽው?»

«ሥዕል ስለሆነ… ሐሳባችን እንዳይበተን ብዬ።»

«አፍ ሲዘጋ እጅ ማሰብ ይጀምራል። እጅ ካሰበ አለቀ!»

ሱዙዮ እጇን ከሙቁ ውኃ አውጥታ ወንፊቱን ያዘች። «በሉ ዘፈኑን ያውጡት፣ እማማ» አለች። ቶኪኤ ጉሮሯቸውን ጠርገው አወጡት፦

«በረዶውን ጥሶ ሊያጨኝ መጣ ማታ፣
ከኔ ቀድሞ አየው የእናቴን ገበታ!»

«ጥሶ» ላይ ወንፊቱ ገንዳው ውስጥ ጠለቀ፤ «ማታ» ላይ ተነሳ፤ «አየው» ላይ ተወዘወዘ። ገንጎ «ገበታውማ ጥሩ ነበር!» ብለው ሲመልሱ ማሳኖ በሳቅ ፈረሰች። ወንፊቱ ግን ወደ አንድ ጎን አላዘነበለም፤ ሳቁም ከዜማው ጋር ነበር የመጣው። ውኃው ተንጠፈጠፈ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት! ወዲያው ጭልፋዋን አንስታ ተራራዎቿን በልጥ ደራረበች።

ወረቀቱ ተጨምቆ፣ ሳንቃ ላይ ደርቆ፣ በአምስተኛው ቀን አራቱም ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ላጡት። አንድም ቦታ አልተቀደደም።

«አጥብቃችሁ ያዙ፣ ነፋስ አለ!» አሉ ቶኪኤ። አራቱ ወረቀቱን ዘርግተው አቀበቱን ወደ አዳራሹ ያዙ። እርምጃቸው እንዳይሳሳት ሱዙዮ ዘፈኑን ራሷ አነሳች። ግጥሙን በደንብ ስለማታውቀው ስለ ገንጎ ከራሷ ስንኝ ጨመረች፤ የቶኪኤን ያህል ምሕረት የሌለው ነበር።