ኳሷ ብቻዋን የገባችበት ጎል

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... እዚህ ካልጋሪ፣ ፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ የክለባችንን ታሪክ አነበብኩ። አዎ፣ እኔው ራሴ የጻፍኩትን! የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ገና አንድ ወር ነው። ከክላሱ ከኔ የተሻለ የሚጽፍ አለ የሚል ካለ ኮመንት ላይ ይምጣና እንተያይ።

ክለባችን በሰፈራችን ስም «የኤሪን ውድስ ልጆች» ይባላል። ሊግ ውስጥ የለንም፣ ኖረንም አናውቅም። እሁድ እሁድ ሜዳ ተከራይተን ከኤርትራውያኑ፣ ከሱዳኖቹ፣ ከፊሊፒኖቹ ጋር እንጫወታለን... ይቅርታ፣ እንጫወት ነበር። አንዱን ጉልበቱ ከዳው፣ አንዱ የዊኬንድ ሺፍት ያዘ፣ ልጆቹ ሌላ ቡድን ገቡ። አስራ አንድ ሰው መሙላት አቃተን። እንግዲያው ክለቡን በወግ እንዝጋው ተባለ።

«ብሮ፣ ስፒቹን አንተ አድርገው» አለኝ አምበላችን ሳሚ፣ እዚሁ ካልጋሪ የተወለደ ልጅ ነው። «የኔ አማርኛ፣ ዩ ኖው... ትልልቆቹ ይስቁብኛል።»

ለማን ሊሰጠው ኖሯል? በረኛውም እኔ፣ ጸሐፊውም እኔ።

ፊት ለፊት ጋሼ ሙሉጌታ ተቀምጠዋል። ክለቡን የመሠረቱትም ያሠለጠኑትም እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ዮናስ በግራ ክንፍ የሚጫወትልን ልጅ ነበር። አንድ ዊንተር በረዶ ላይ መኪናው ተገልብጦበት ሞተ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ባሉበት ስሙን አንስተን አናውቅም። ማንም ተነጋግሮ አልወሰነም... እንዲሁ የአባት ቁስል አይነካም ብለን ነው። የድሮ ጨዋታ በስልክ እያየን ድንገት ከመጡ፣ ቶሎ ብለን እንዘጋዋለን።

እኔም ስጽፍ ዘለልኩት። ችግሩ ምን መሰላችሁ... በታሪካችን ያነሳናት አንዲት ዋንጫ በሱ ጎል የመጣች ናት።

ታዲያ ምን ላድርግ? እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦ «በመጨረሻዋ ደቂቃ በረኛው ኳሷን በኃይል መታት። ኳሷም ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። መረብ ውስጥ ገባች።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ጋሼ ሙሉጌታ እጃቸውን አነሱ።

«ደሬ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ኳሷ ብቻዋን ነው የገባችው?»

ሰው ሳቀ። እኔም «የኔን እግር ያውቁት የለ ጋሼ!» አልኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«በቴስታ ያስገባት ልጅ ነበር። የት ሄደ?»

ሳሚ መሬት መሬት ያያል። ወረቀቱን የያዘው እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።

«እርስዎን እንዳላስከፋ ብዬ ነው ጋሼ።»

«ሁላችሁም እንዳታስከፉኝ ዝም አላችሁ። እኔ ደግሞ ረስተውታል ብዬ ዝም አልኩ» አሉ። «ቤት ውስጥ አናነሳውም፣ እናቱ አትችልም። እዚህ የምመጣው አንዳችሁ ስሙን ትጠሩት ይሆናል ብዬ ነበር።» አዳራሹን ዞር ብለው አዩና... «ዛሬ ደግሞ ክለቡን ልትዘጉት ነው።»

ማልቀስ የነበረብኝ እዚህ ጋ ይመስለኛል። አልመጣልኝም። ምንም አልመጣልኝም። ጥርስ ሐኪም ሲያደነዝዝህ ከንፈርህ እንደሚሆነው... ሁለመናዬ እንደሱ ሆነ።

«እንደገና አንብበው» አሉኝ።

«በረኛው መታት። ዮናስ ሙሉጌታ በቴስታ አስገባት።»

«ድገመው።»

ደገምኩት። ከኋላ አንዱ «ሲወድቅ አፉ ጭቃ ሞላ እኮ!» አለ። ሳሚም «ከዛ ጭቃው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ... የሱዳኖቹን ኮች ሄዶ ሃግ አደረገ! አባቴ መስሎኝ ነው አለ» ብሎ ጨመረ።

ጋሼ ሙሉጌታ በመዳፋቸው ዓይናቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እኔማ እጄን ዘርግቼ አጠገቡ ቆሜያለሁ!» አሉ። ከዚያ አዳራሹ ሙሉ ዮናስ፣ ዮናስ፣ ዮናስ ሆነ። ሁሉም የሚያወራው ነበረው... ሁሉም ይዞት ከርሟል።

እኔ ሄጄ ተቀመጥኩ። ምግብ አቀረቡልኝ፣ በላሁ። ምን እንደበላሁ ግን አላውቅም።

ያን ሁሉ ጽፌ... የተወደደልኝ ያልጻፍኩት ስም ሆነ።