የካሳሁንን ብርቱካን ማን አጠጣው?

ሙሐመድዘይንን የመንደራችን የግራና ሰው የሚያውቀው በውሃ አባትነቱ ነው፤ እኔ የማውቀው በክፉ ምላሱ ነው። የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያካፍለን እሱ ሲሆን ሕጉ አንድ ነው፤ ቦይ ያልጠረገ ውሃ አያገኝም። የታመመ፣ የታሰረ ብሎ ነገር የለም። እኔ አማቴን ልቀብር ሄጄ የጠረጋው ቀን ቢያልፈኝ ሽንኩርቴን አደረቀና «አላህ ያጽናህ» ብሎኝ አለፈ።

ከካሳሁን ጋርማ አይጥና ድመት ነበሩ። የካሳሁን ብርቱካን ያለው ቦዩ ጫፍ ላይ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ለጠረጋ ብቅ የሚለው ሌላው አካፋውን ሲያጥብ ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ ቤታችንን ዘግተን በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ ነጎድን። ሙሐመድዘይን ግን አልሄድም ብሎ ቀረ። ከወራት በኋላ ስንመለስ ማሳው ሁሉ ደርቋል፤ የካሳሁን ብርቱካን ብቻ ለምልሞ ቆየን። ካሳሁን «የገብርኤል ሥራ ነው» ብሎ ለታቦቱ ጃንጥላ አስገባ። ሙሐመድዘይን ጢሙን እያከከ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል አይቼ ስለማላውቅ የታመመ መስሎኝ ነበር።

በሚያዝያ፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ ህሊና የምትባል ባለሙያ ከወልድያ መጣች። ከአፈርና ከቅጠል ተንኖ የሚወጣውን ውሃ ሳተላይት ሰማይ ላይ ሆኖ ላገር ምድሩ ይገምታል አሉ፤ እሷ ደግሞ ግምቱ እውነት ይሁን ውሸት መሬት ወርዳ ታጣራለች። ታብሌቷን ይዛ ብርቱካኑ መሀል ቆመች፤ እኛም ከበብናት።

«ሳተላይቱ በኅዳር ውሃ የጠጣው ይህ ማሳ ብቻ ነው ይላል» አለችው ሙሐመድዘይንን። «ዝናብ አልነበረም፤ ባለቤቱም አልነበሩም። አባቴ፣ ውሃ ለቀውለት ነበር?»

ሕጉን የጣሰ የውሃ አባት ይሻራል፤ ይህንንም ያወጣው ራሱ ነው።

«አልለቀቅሁም» አለ ሙሐመድዘይን።

«እንግዲያው ግምቱ ስህተት ነው ብዬ እይዛለሁ።»

ጣቷ ታብሌቱን ሊነካ ሲል ሰውየው እጁን ዘርግቶ ከለከላት።

«ተይ! ያ ያልሽው ነገር ያየውን ነው የተናገረው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በረመዳን፣ ጾሜን ይዤ! አስተግፊሩላህ!» ወደ እኛ ዞረ። «አዎ፣ ለቀቅሁለት! ሰው ሸሸ፤ ዛፍ ወዴት ይሽሽ?»

«ታዲያ ጃንጥላው?» አለ ካሳሁን።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ግን ሕግ ሕግ ነው፣ ይሻር አሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሽንኩርቴን መች ረሳሁ!

ካሳሁን የአንዱን አካፋ ነጠቀና ቦዩ ውስጥ ወረደ።

«ምን ልትሆን ነው?» አሉት።

«የኅዳሩን ጠረጋ ልጠርግ። ከጠረግሁ ውሃው ተራዬ ነበር፤ እሱም ሕግ አልጣሰም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ጠርጎ እስኪጨርስ ሊጠብቁ ጥላ ሥር ተቀመጡ። በዚያ ፀሐይ፣ ያ ሰነፍ፣ ብቻውን ደለሉን እየዛቀ ያወጣ ጀመር። ሙሐመድዘይን ከበላዩ ቆሞ፣ «ጠለቅ አድርገው እንጂ! ይህ ጠረጋ ነው ወይስ እከክ ማከክ? አንተ እኮ በሰላሙም ጊዜ ጠርገህ አታውቅም!» ይለዋል።

እየሰደበው ያለቅስ ነበር።