ያልሠራሁት ቤት

ሞያሌ ያለው ቤቴ የብሎኬት ነው። ዝናብ ግድግዳውን ሲመታው የሚመጣው የረጠበ ድንጋይ ሽታ ወደ ልጅነት መንደሬ ወደ ቦሪ ይወስደኛል።

ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። አኮ ብዬ ከምጠራት አያቴ ጋር ፍየሎቻችንን ስንመልስ ዝናብ ያዘንና እንግሊዞች ሠርተው ጥለውት ወደሄዱት ባለ ስምንት ማዕዘን የድንጋይ ቤት ሮጥን። ፍየሎቹ ቀድመው ገብተው ማዕዘን ማዕዘኑን ያዙ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አያቴ ግን ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አኮ፣ ግቢ እንጂ! ትታመሚያለሽ።»

«ማን ግቢ አለኝ?»

«ባዶ እኮ ነው!»

«እኛ ዘንድ ቤት የምትሠራው ሴት ናት፤ ግቢ የምትለውም እሷ ናት። ይሄን ወንዶች ናቸው የሠሩት። የማንን ቤት ልግባ?»

ውሃው ከሻሿ ላይ በፊቷ ይወርዳል። አንጀቴን በላችኝ።

«እኔም ሴት ነኝ፤ ግቢ አልኩሽ!»

ሳቀች። «መጀመሪያ የራስሽን ሥሪ፤ ያኔ ትጠሪኛለሽ።»

ዝናቡ እስኪያባራ ከደጅ አልተነቃነቀችም።

እሷ ካረፈች ቆየች። ይሄን ቤት የገነቡልኝ ወንዶች ናቸው፤ እኔ አንድ ብሎኬት እንኳ አላነሳሁም። ዝናብ ሲመጣ በሩን ከፍቼ እቆማለሁ። «አኮ፣ ግቢ» ልል እፈልግና አፌ ላይ ይቀራል።