በአራት ኮር የሰማይ ቅንጣት ልቆጥር ካዛንቺስ የሄድኩበት ቅዳሜ

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከኦሎምፒያ ጀርባ ካለው ቤታችን ሃርድ ዲስኬን በሻሽ ጠቅልዬ ወጣሁ። ጣሪያ ላይ ያስቀመጥኳቸው ሁለት ሳጥኖች ከጠፈር የሚወርደውን የኮስሚክ ጨረር ስምንት ወር ሙሉ የመዘገቡት እዚያ ውስጥ ነው። ሁለቱንም ሳጥኖች በአንድ ቅጽበት ያለፉትን ቅንጣቶች ለይቼ ቆጥሬ ሰኞ ለአማካሪዬ ካላሳየሁ ምረቃዬ ለዓመት ይተላለፋል። አሮጌዋ ላፕቶፔ ለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ትፈልጋለች፤ ባትሪዋ ሞቷል፣ ሰፈራችን ደግሞ መብራት ሙሉ ቀን ቆይቶ አያውቅም። ብሞትም ዘንድሮ እመረቃለሁ አልኩ።

እስከ ደምበል በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ተቆፍሮ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆነ። የካዛንቺስ ታክሲ ውስጥ ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣበብን፤ ዲስኩን እንደ እንቁላል አቅፌ ደረስኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ካዛንቺስ

ጓደኛዬ ሂሩት የምትሠራበት ቢሮ አራት ኮር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚያሰሉ አራት አእምሮዎች፣ ያሉት ኮምፒውተር ገዝቷል። አለቃዋን አስፈቅዳልኛለች።

"በቃ ያንቺ ነው፤ ማለቴ፣ እስከ ስድስት ሰዓት" አለችኝ።

መዝገቡን ለአራቱ ኮሮች አከፋፈልኩ። ድምሩን ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ እንዲጽፉ፣ አንዱ ሲጽፍ ሌሎቹ እንዲጠብቁ አዘዝኩ። ጉድ እኮ ነው! አራቱ ተባብረው በዝግታ ከአንዱ ባሱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኔ ድር ግን እኔኑ ተበተበኝ። ተናድጄ መጠበቁን ሰረዝኩት። በረረ! ትንሽ ክፋይ ላይ ሁለት ጊዜ ብሞክረው ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው እየደመሰሰ ሁለት የተለያየ ቁጥር ሰጠኝ። የሚያምረውን መርጬ ልሂድ? ኧረ በሕግ አምላክ!

ንዴቴ እስኪበርድ ቢሮው ባለጉዳይ ወደሚያስተናግድበት አዳራሽ ወጣሁ። አራት ጸሐፊዎች አራት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባለጉዳዩ ግን ንቅንቅ አይልም።

"ልጄ፣ አራት ሆናችሁ አንድ ወረቀት ያቅታችኋል?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"አባባ፣ ማኅተሙ እኮ አንድ ነው። እዚያኛው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እስኪመጣ ይታገሡን" አለቻቸው አንዷ ጸሐፊ።

ደንግጬ ቆምኩ። የእኔም አራት ኮሮች አንድ ማኅተም እየተጠባበቁ ነበር!

ሮጬ ተመለስኩና ለእያንዳንዱ ኮር የራሱን መቁጠሪያ ሰጠሁት፤ አራቱ ድምሮች መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ እንዲደመሩ አደረግኩ። ትንሹን ክፋይ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱም አንድ ቁጥር ሆነ። ዋናውን አራት ሰዓት ሊሆን ሲል አስጀመርኩ። ሩብ ጉዳይ ለስድስት አለቀ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"ኧረ ሰው ያይሻል! ደበደብናት ይሉናል" ሳቀችብኝ ሂሩት።

ሰባት ሰዓት፣ ቤት

ከዚህ በኋላ ሠራተኛ ከመጨመሬ በፊት፣ ያሉት ምን እየጠበቁ እንደቆሙ አያለሁ። ለአማካሪዬ ደወልኩ። "ሰኞ ጠዋት ይዘሽው ነይ" አለኝ። እናቴ ፊቴን አይታ ገባት።

"እሰይ! ማሽኑ ዛሬ ታዘዘልሽ?"

"ማሽኑማ ጠዋትም ታዝዞ ነበር፣ እማዬ። ያጠፋችው አዛዧ ናት።"