ከዘፋኙ ጀርባ የቆሙት

የቤተ ክርስቲያናችን የቤዝ ጊታር ተጫዋች የካናዳ ጉዞው የተሳካለት ሳይታሰብ ነው። ዓመታት ሲጠብቅ ኖሮ አንድ ሰኞ ተደወለለት፤ በሳምንቱ ሸኘነው። ናይሮቢ ያለች የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ናት፤ ስታሳድገው የኖርከው ዘማሪ አንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ጸለይን፣ አለቀስን፣ ፎቶ ተነሳን። በሚቀጥለው እሑድ ኳየሩ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን አንድ ነገር እንደጎደለ ሁላችንም ገባን። ኪቦርዱ አለ፤ ድራሙ አለ፤ እኛም ጉሮሯችን እስኪሰነጠቅ እንዘምራለን። ዝማሬው ግን መሬት አልነካም።

እኔ ሃምሳን ተሻግሬያለሁ። ጊጊሪ ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ግዢ ክፍል ነው የምሠራው። ኳየር ውስጥ ከኋላ ረድፍ ቆሜ ሁለተኛ ድምፅ እዘምራለሁ። ባለቤቴ አየር መንገድ ስለሚሠራ የወሩን እኩሌታ ሰማይ ላይ ነው፤ ቤት የምንገኘው እኔና እዚሁ ያደገችው ልጄ ነን።

ከልምምድ በኋላ የኳየሩ መሪ፣ "ቤዝ ለመማር ፈቃደኛ የሆነ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ። ወጣቶቹ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። ጊታር ከሆነ የሚፈልጉት ዜማ መሪውን ሊድ ጊታር ነው፤ ቤዝን ማን ያየዋል? ልጄ ከጥግ ሆና፣ "ማሚ ትማር! ቅዳሜ ቅዳሜ ፍሪ ናት፣ ሲሪየስሊ!" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ መሪው አሁንም እኔን እያየ ነበር።

"እስቲ ልሞክረው" አልኩ።

ለምን እንዳልኩ እስካሁን በትክክል አላውቅም። ምናልባት በዚያው ሳምንት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰብስበው ስለ ጡረታ ገለጻ ስላደረጉልን ይሆናል።

መምህር ያገኘሁት መሃል ከተማ ነው፤ የስልክ መሸፈኛ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ፣ ደረጃው ጨለም ባለ ሕንፃ ውስጥ። ኮንጎአዊ ነው። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ። በወጣትነቱ ከባንዱ ጋር ለአጭር ሥራ ናይሮቢ መጥቶ በዚያው ቀረ። ሲያወራ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ይቀላቅላል፤ ሲቆጣ ፈረንሳይኛ ይጨምርበታል። በመጀመሪያው ቀን ጊታሬን ከማኅደሩ እንዳወጣው እንኳ አልጠየቀኝም።

"ማማ፣ የምትወጂው የቤዝ ተጫዋች ማን ነው?" አለኝ።

አሰብኩ። አንድም ሰው አልመጣልኝም።

"ከአገርሽስ?"

"እኛ አገር ዘፈን ማለት ዘፋኙ ነው" አልኩት። "ግጥሙ ነው፤ ድምፁ ነው። ከኋላ የቆሙትን ማን ያውቃቸዋል?"

"እኔ አውቃቸዋለኋ!" አለና ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። "እዚህ ከተማ ውስጥ የእናንተን ሰዎች ሰርግ ስንት ጊዜ የተጫወትኩ ይመስልሻል? የድሮ ዘፈኖቻችሁን እስክለምድ ፍዳዬን ነው ያየሁት። ቤዛቸው ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ልያዝህ ስትዪው ያመልጥሻል።" ስልኩን አወጣና አንድ የቆየ የአማርኛ ዘፈን ከፈተ። ዘፋኙ ሊገባ ሲል እጁን አነሳ። "እሱን ተይው፤ ይዝፈን። አንቺ ከሥሩ ያለውን ብቻ ሲኪሊዛ።" አዳምጪ ማለቱ ነው።

አዳመጥኩ፤ ምንም አልያዝኩም። ጆሮዬ እየዘለለ ቃሉ ላይ ይወድቃል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሰጠኝ የቤት ሥራ ጊታር መምታት ሳይሆን ያንን ዘፈንና መሰሎቹን መስማት ነበር።

ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ያደግሁት ዘፈን በማይሰማበት ቤት ነው። እናቴ ጌታን የተቀበለችው እኔ ሳልወለድ ሲሆን፣ ቤታችን ውስጥ ዘፈን የሚለው ቃል ብቻውን ተጠርቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ስካርን አስከትሎ ነበር። አግብቼ የራሴን ቤት ስይዝ የሚከለክለኝ አልነበረም፤ ፍላጎቱም ግን አልነበረኝም። የድሮዎቹን በተለይ፣ እነዚያን ጥሩንባና ሳክስፎን የሚበዛባቸውን፣ የመጠጥ ቤት ሙዚቃ እያልኩ ነበር የማልፋቸው። ባለቤቴ ይወዳቸዋል። እሱ ሲከፍት እኔ ወጥ ቤት ሥራ አላጣም።

የቤት ሥራውን የምሠራው መኪና ውስጥ ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከምንኖርበት ከሩንዳ ወጥቼ ወደ መሃል ከተማ ስሄድ ሊሙሩ መንገድ ላይ የመኪና ጃም ያዘኝ። ፊት ለፊቴ ማታቱ የሚሉት ታክሲ ቆሟል፤ ረዳቱ ወርዶ አስፋልቱ ላይ በቆሎ ይበላል። መምህሬ የላከልኝን ዘፈኖች በተራ እየከፈትኩ፣ እንደታዘዝኩት ከሥር ከሥር ለመስማት እታገላለሁ። አንዱ ላይ ስደርስ እንግዳ ነገር ሆነ። ዘፋኙ ገና አልገባም፤ ቤዙ ብቻውን ይሄዳል። እኔ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ከመምጣቱ በፊት አወቅሁት። የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚመለስ፣ ሁሉንም። ዘፋኙ ሲገባ ግጥሙን ፈጽሞ አላውቀውም፤ ዜማውም አዲስ ነው። ቀጣዩን ከፈትኩ፤ እሱም እንደዚያው።

ጃሙ ተንቀሳቅሶ ከኋላዬ ያሉት ጡሩንባ ሲነፉ ነው ነገሩ የበራልኝ። በልጅነቴ የምንኖርበት ቤት የኋላ ግድግዳ ከአንድ መጠጥ ቤት ጋር የተያያዘ ነበር። ቴፑ ሲከፈት እናቴ መስኮቱን ትዘጋለች፤ መጋረጃውን ትስባለች፤ እኛም ጀርባችንን ግድግዳው ላይ አስደግፈን የትምህርት ቤት ሥራችንን እንሠራለን። የዘፋኙ ድምፅ በተዘጋ መስኮት አይገባም። ጥሩንባውም አይገባም። ቤዝ ግን ግድግዳ አያግደውም፤ በጭቃው ውስጥ አልፎ አከርካሪያችን ላይ ይመታ ነበር። እናቴ ሁሉንም የከለከለችን መስሏት አንዱን ብቻ አጣርታ ስትግተን ኖራለች። የመኪናውን መሪ ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ዓይኔ እንባ ሞላ። ማንን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ምናልባት እነዚያን የቤዝ ተጫዋቾች። እስከ አከርካሪዬ ድረስ መጥተው አንድ ቀን እንኳ ማን ናቸው ብዬ አልጠየቅሁም።

ለመምህሬ ስነግረው፣ "እንግዲያው ጀማሪ አይደለሽም። ክፍያ ልጨምርብሽ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ካፈቀሩ በኋላ እንዳለው ጊዜ ነው። ከቤዙ ወደ ድራሙ፣ ከድራሙ ወደ ሳክስፎኑ እየተሻገርኩ አንድ በአንድ ተዋወቅኋቸው። አንደኛው ሳክስፎን ተጫዋች ዘፋኙ አረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ጠብቆ፣ እንደ ጨዋ ሰው "ልክ ነህ" የሚል ይመስላል። አንደኛው ደግሞ አፍ ላይ ይነጥቃል። የባለቤቴን የድሮ ካሴቶች ከካርቶን አውጥቼ ሽፋኑን ባገላብጥ፣ የዘፋኙ ፎቶ አለ፤ የሙዚቃ ቤቱ ስልክ አለ፤ ተጫዋቾቹ ግን "ታጅቦ" ከሚል ቃል በኋላ በባንዱ ስም ተጠቅልለው ቀርተዋል።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከጉዞ ሲመለስ ሳሎን ተቀምጬ ከአንዱ ዘፈን ጋር ጊታሬን እየተለማመድኩ አገኘኝ። ሻንጣውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

"ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቻለሁ መሰለኝ" አለ።

"ግባና ዝጋው፤ ጎረቤት እንዳይሰማ" አልኩት።

ጎረቤት ባይሰማም ሌላ ሰው ሰማ። አንድ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱን ቤታቸው ላደርስ መኪናዬ ውስጥ አስገባሁ። ሞተር ሳስነሳ ስልኬ ራሱን ከመኪናው ጋር አገናኘና ዘፈኑ ካቆምኩበት ቦታ ቦግ ብሎ ተነሳ። ጥሩንባው፣ ድራሙ፣ ሁሉም። ለማጥፋት ስጣደፍ ጭራሽ ድምፁን ጨመርኩት።

"አጥፊው ልጄ" አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ።

አጠፋሁ። "ጋሼ፣ ቤዙን ለመማር ብዬ ነው" አልኩ፤ እውነትም ነው፣ ሙሉው ግን አይደለም።

ጥቂት ሄድን። ይገሥጹኛል ብዬ ስጠብቅ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ "ይሄን ሰውዬ ከባንዱ ጋር ሲጫወት ፊቱ ቆሜ ሰምቼዋለሁ" አሉ። "ደመወዜ እዚያ ነበር የሚያልቀው። ባለቤቴ ልጅ ታቅፋ በር ላይ መጥታ ጠርታኝ ታውቃለች። አንቺ ስትሰሚው ሙዚቃ ነው። እኔ ስሰማው ግን እግሬ መንገዱን ያውቀዋል።"

"ይቅርታ ጋሼ" አልኩ።

"አይ፣ ምን አጠፋሽ? አንቺ ተማሪበት። እኔ ስኖር ብቻ አትክፈቺው።" ሲወርዱ በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ጎንበስ ብለው፣ "ተጫዋች ግን ነበሩ!" አሉና ዱላቸውን ይዘው ሄዱ። እናቴ መስኮቱን ስትዘጋ ምን ታይ እንደነበር ያን ቀን ትንሽ ገባኝ። አሁንም ሰው ሳሳፍር ከመነሳቴ በፊት ስልኬን አጠፋለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የምጫወትበት እሑድ ደረሰ። መምህሬ፣ "አትራቀቂ፤ ቤቱን ያዢላቸው፣ ፖሌ ፖሌ" ብሎ መክሮኛል። ቀስ ብዬ፣ በጥቂት ኖታዎች ብቻ ያዝኩላቸው። ማንም መጥቶ ጥሩ ተጫወትሽ አላለኝም። ሲወጡ፣ "ዛሬ ዝማሬው እንዴት ደስ ይል ነበር!" ሲባባሉ ሰማሁ። በሕይወቴ ከቀረቡልኝ ምስጋናዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ከአገር ቤት አንድ አንጋፋ ዘፋኝ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር መጥቶ በአንድ ሆቴል አትክልት ቦታ፣ በቀን፣ ዝግጅት እንደሚያቀርብ ተነገረ። ባለቤቴም ልጄም ሥራና ፈተና ነበራቸው፤ መምህሬን ይዤ ሄድኩ። ሕዝቡ ሁሉ ዘፋኙን ያያል፤ እኛ ሁለታችን ከኋላው ቤዝ ይዞ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ። እድሜ ስለተጫነው ቆሞ መጫወት አይችልም። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ የሚያደምጥ እንጂ የሚጫወት አይመስልም። የመምህሬ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር፤ እየቆጠረ ይሁን እየጸለየ አላውቅም።

ሲያልቅ ሰው ዘፋኙን ከቦ ፎቶ ሲነሳ እኛ በጎን በኩል ወደ መድረኩ ሄድን። ሰውየው ጊታሩን ማኅደር ውስጥ እያስገባ ቀና ብሎ አየኝና፣ "እሱን ከሆነ እዚያ ማዶ ነው" አለኝ፤ በአገጩ ወደ ዘፋኙ እያመለከተ።

"አይ፣ እርስዎን ነው የፈለግነው" አልኩ።

ማኅደሩን ሳይዘጋ ቆመ። "እኔን? በደህና?"

ጥያቄ ነበረኝ። አንድ ዘፈናቸው ላይ፣ መሃል ላይ፣ አንዲት ኖታ ከሚጠበቀው በላይ ትንጠለጠላለች፤ እኔም መምህሬም ለመያዝ ብዙ ደክመናል። ዘፈኑን ነግሬው፣ "ለምንድን ነው እዚያ ጋ እንደዚያ የሚጎትቷት?" አልኩት።

መጀመሪያ አላስታወሰም። በአፌ ዜማውን ስመታለት ግን ፊቱ ተከፈተ። "እሷን! እሷማ ምንም አይደለችም። ስንቀርጽ ይሄ ሰውዬ" አለና ወደ ዘፋኙ ዞረ፣ "ደረቱን ታሞ ነበር። እዚያ ጋ ትንፋሹ ሲያልቅበት አየሁት። እስኪተነፍስ ያዝኩለት። ከዚያ በኋላ ሰው ለመዳት፤ በዚያው ቀረች።"

ለመምህሬ ተረጎምኩለት። እሱም፣ "በየሰርጉ ስሰርቀው እንደኖርኩ ንገሪልኝ" አለ።

ነገርኩ። ሰውየው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "ይመልስ በይው!" አለ። "አንቺስ? አንቺም ትጫወቻለሽ?"

"ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። ገና ጀማሪ ነኝ።"

"እስቲ እጅሽን።" የግራ እጄን ይዞ የጣቶቼን ጫፍ አንድ ባንድ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረጋቸው፤ የእሱ ጣት እንደ ቀንድ የደረቀ ነው። "ገና ነው" አለ በቁም ነገር። "ግን ይዟል። አትተዪው።"

ከዚያ መኪና መጣ ተብሎ ተጠራ። መምህሬ ጊታሩን ተሸከመለት፤ እኔ ክንዱን ይዤ ከመድረኩ ደረጃ አወረድኩት። ሣሩ ላይ ቀስ እያልን፣ ሦስታችንም ወደ በሩ ሄድን።