መርዶ በፈተናው ጠዋት

እዚህ እስራኤል የፋርማሲ ትምህርት ስጀምር ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከእኔ ቀጥላ በዕድሜ የክፍሉ ትልቅ ተማሪ ገና ከሠራዊቱ የወጣች ልጅ ነበረች።

ከዚያ በፊት ገዴራ በአንድ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ እሞላ ነበር። ለመግቢያ የሚያስፈልገውን ሒሳብና ኬሚስትሪ በምሳ ሰዓት፣ ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ ለብቻዬ ነው ያጠናሁት። ስሰናበት ኃላፊዋ ፋርማሲስት መከረችኝ።

"በመጀመሪያው ዓመት ስለ መድኃኒት እማራለሁ ብለሽ እንዳትጠብቂ። ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ባዮሎጂ ነው። ብዙዎቹ እዚያ ላይ ይሰለቻሉ።"

"መሰልቸቱን እዚሁ አንቺ ጋ ለምጄዋለሁ" አልኳት።

"ያላ፣ በይ ሂጂልኝ" አለችና ሳቀች።

እውነቷን ነበር። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍል ነው። ዓርብ የቤተ ሙከራ ሪፖርት ይጻፋል። በመጀመሪያው ቀን የቤተ ሙከራው መምህር መነጽርና ጋዋን ካስለበሰን በኋላ፣ "ክፍል ብትቀሩ ከጓደኛ ትገለብጣላችሁ። ከቤተ ሙከራ የቀረ ግን ቀረ። ቤሰደር፣ እሺ?" አለን። አሲዱን ጠብታ በጠብታ እያንጠባጠብን ቀለሙ እስኪለወጥ እንጠብቃለን። አንዲት ጠብታ ካለፈች እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ቂርያት ማላኺ አብራኝ የምትኖረው እህቴ ውዴ ቤኤር ቱቪያ በሚገኝ ፋብሪካ ዕቃ ታሽጋለች። ነጩን ጋዋን ስሰቅል ባየች ቁጥር፣ "ጋዋኑ ቀድሞሽ ተመረቀ" ትለኛለች።

እያንዳንዱ ትምህርት ሁለት የፈተና ዕድል አለው። የመጀመሪያው ሞዔድ አሌፍ፣ ሁለተኛው ሞዔድ ቤት ይባላል። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን በሞዔድ አሌፍ ወደቅኩ። ትምህርቱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው፤ ሞዔድ ቤት ካመለጠኝ ሁለተኛ ዓመት አልገባም። ይህን ለውዴ ብቻ ነገርኳት።

በዚያው ሰሞን ጎንደር የቀረው ታላቅ ወንድማችን ስልክ ማንሳት አቆመ። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገን እሱ ነው፤ ወደ እኛ ለመምጣት ተራ ሲጠብቅ ዓመታት አልፈውታል።

"ኔትወርክ የለም አሉ" ትለኛለች ውዴ፣ ፊቷን ወደ ልብስ ማጠቢያው አዙራ።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ቤት ድረስ ይመጣል። ሐዘኑ የደረሰበት ተማሪ ከሆነ ደግሞ ፈተናው እስኪያልፍ ይደበቅለታል።

የሞዔድ ቤት ጠዋት ቦርሳዬን ስይዝ በሩ ተንኳኳ። ከያቭነ የመጡት አጎታችን ጋሼ ታከለ ገቡ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

"ቁጭ በይ ልጄ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ አውቶቡስ ያመልጠኛል። ፈተና አለኝ።"

ወደ ውዴ ዞሩ። "የምን ፈተና? አብቅቷል ብለውኝ!"

"ሁለተኛው አላበቃም። ዛሬ እንደምትመጡ መች ነገራችሁኝ?"

"ሁለተኛው ለወደቀ ነው። የእኛ ልጅ መች ትወድቃለች?"

"ወድቃለች፣ ጋሼ" አለች ውዴ። "ዝም ያልኩት ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው።"

ማን እንደሞተ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"መቼ ነው?" አልኩ።

"ወር አልፎታል" አሉ ጋሼ፣ ወለሉን እያዩ።

ምኩራብ የሚያዘወትር አንድ ጎረቤታችን፣ "ወር ካለፈው በሃይማኖታችን ሕግ ለሐዘን አንድ ሰዓት ብቻ ተቀምጣ ትነሳለች። ልጅቷን ልቀቋት፣ ትድረስ" አለ።

"ያሳደጋትን ወንድም በአንድ ሰዓት?" አለች አክስቴ።

እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም። እኔ ነኝ ያልተነሳሁት። ቀትር ሳይሆን የገዴራም የያቭነም ሰው ቤቱን ሞላው፤ ሰባቱን የሐዘን ቀን ተቀመጥን።

ከዚያ ልዩ ፈተና እንዲፈቀድልኝ ልጠይቅ ወደ ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሄድኩ።

"ቀብሩ መቼ ነበር?" አለችኝ።

"ከወር በፊት።"

"ታዲያ ባለፈው ሳምንት ለምን ቀረሽ?"

"የሰማሁት በዚያ ጠዋት ነው።"

"ቤተሰብሽም አያውቅም ነበር?"

"ያውቃሉ።"

ክፉ ሰው አልነበረችም። "አዝናለሁ" አለች። "ልዩ ፈተና የሚሰጠው ቀብሩ በፈተናው ሳምንት ለሆነበት ተማሪ ነው።"

ያን ዓመት ገዴራ ተመልሼ ካርቶን ስከፍት ከረምኩ። ኃላፊዋ ምንም ሳትጠይቅ መቁረጫውን ሰጠችኝ። የክፍሌ ልጆች ስለ መድኃኒት መማር ጀምረዋል። በዓመቱ ኦርጋኒክን ደግሜ አለፍኩ፤ ዛሬ ያቭነ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ለወንድሜ ግን ጋዋኑን ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ እንኳ አልላክሁለትም፤ ስመረቅ እልካለሁ እያልኩ ነበር።

አንደኛ ዓመት የምትገቡ ልጆች፣ የሁለቱንም ፈተና ቀን ለዘመድ ሁሉ ንገሩ። ከወደቃችሁም መውደቃችሁን ንገሩ።

ጋሼ ታከለ ከዚያ ወዲህ መርዶ ሊነግሩ ወጥተው አያውቁም። ሽማግሌዎቹ በማለዳ ሊወስዷቸው ሲመጡ በሩን ከፍተው፣ "እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ለቅሶው ላይ እደርሳለሁ" ይሏቸዋል።